ያረጀ የቤት ውሻን መሰናበት፦ ቀኑን እንዴት እንወቅ? ምን እናዘጋጅ?

የአቃቂዋ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ቡቺ 13 ዓመት ሞልቶታል። ዲቃላ ነው፣ ክብደቱ 22 ኪሎ። አርጅቶም ስሙ ቡቺ ነው። ኩላሊቱ እንደተጎዳ በደም ምርመራ ታውቋል፤ ከሐምሌ ወዲህ ደግሞ የኋላ እግሮቹ ከድተውታል፣ ሊነሳ ሲል ዳሌው ይወድቃል። ውሃ አብዝቶ ይጠጣል፣ ምግብ ግን አንድ ቀን ቢበላ ሁለት ቀን ይተዋል። ሐኪሙ «ስትወስኑ ንገሩኝ» ብሎናል።

ቀኑ መድረሱ በምን ይታወቃል? በመርፌ ሲሆን በትክክል የሚደረገው ምንድን ነው? ግቢያችን ዋልካ መሬት ነው፣ ጊዜውም ክረምት ነው፤ እንዴት እንቅበረው? ቤት ውስጥ የ6 ዓመት ልጅ አለ። ቡቺን ከቡችላነቱ ያሳደገችው ታላቅ እህታችን ዋሽንግተን ናት። ለማስታወሻ የሚሆን ነገርም በሕይወት እያለ ማስቀረት እንፈልጋለን። ዘበኛው «ለምን ትቸገራላችሁ፣ መርዝ አለ» አለ፤ እሱን እምቢ ብለናል።

ሐኪም ዘቢሾፍቱ

እህቴ፣ መርዙን እምቢ ማለታችሁ ትክክል ነው። ስትሪክኒን ከሆነ ውሻው ራሱን ሳይስት፣ ሁሉም እየተሰማው፣ ጡንቻው እየተገታተረ መተንፈስ አቅቶት ነው የሚሞተው። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው የአይጥ መርዝ ደግሞ ቀናት ይፈጃል። ለዘበኛው ይህን ረጋ ብላችሁ አስረዱት፤ ብዙ ሰው መርዝ የሚያነሳው ክፉ ሆኖ ሳይሆን ሌላ መንገድ ያለ ስለማይመስለው ነው።

ቀኑን ስለማወቅ። «እሱ ራሱ ይነግራችኋል» የሚለው ምክር ብዙ ቤተሰብ ያሳስታል። ውሻ ሕመሙን ይደብቃል። ግቢ ጠባቂ የነበረ ውሻማ በር በተንኳኳ ቁጥር አንገቱን ቀና አድርጎ ይጮኻል፣ ያየውም ሰው «ደህና ነው» ይላል። ጩኸቱን ተዉትና እንቅልፉን ተመልከቱ። ጭልጥ ብሎ ሲተኛ ደረቱ ስንት ጊዜ ከፍ ዝቅ እንደሚል ለ30 ሰከንድ ቆጥራችሁ በ2 አባዙት። በደቂቃ ከ30 በታች ደህና ነው። በተለያየ ቀን ስትቆጥሩ ደጋግሞ ከ30 ካለፈ የልብ፣ የሳንባ ወይም የሕመም ምልክት ነውና ለሐኪሙ ንገሩት። ቀጥሎ ከንፈሩን ገልጣችሁ ድዱን በጣት ተጫኑ፤ የነጣው ቦታ በ2 ሰከንድ ውስጥ ወደ ሮዝ መመለስ አለበት። ድዱ በተፈጥሮው ጥቁር ከሆነ የታችኛውን ዓይን ሽፋን ወደ ታች ሳብ አድርጋችሁ የውስጡን ቀለም እዩ። አፉንም አሽትቱት። ሽንት ሽንት የሚል ሽታ፣ ምላሱና ጉንጩ ላይ ቁስል ካለ ምግብ የሚተወው ስለሚያቅለሸልሸውና አፉን ስለሚያመው ነው። አፍንጫው ሥር ሥጋ ስታቀርቡለት አሽትቶ ፊቱን የሚያዞረው ለዚህ ነው።

በቁጥር መያዝ ከፈለጋችሁ አሜሪካዊቷ የእንስሳት ሐኪም አሊስ ቪላሎቦስ ያዘጋጁት መለኪያ አለ። ሰባት ነገሮችን ከ0 እስከ 10 ትሰጣላችሁ፦ ሕመም (አተነፋፈስን ጨምሮ)፣ ምግብ፣ የሰውነት ውሃ፣ ንጽሕና፣ ደስታ፣ እንቅስቃሴ፣ እንዲሁም ከመጥፎ ቀን ደጉ ቀን መብዛቱ። ድምሩ ከ35 በላይ ከሆነ እንክብካቤውን መቀጠል ይቻላል። ቁጥሩን ግን የቤቱ ሰው ሁሉ ለየብቻው ይስጥ። አብዝቶ የሚወደው ሰው ሁልጊዜ ከፍ ያለ ነጥብ ስለሚሰጥ ንጽጽሩ ይጠቅማል። ከዚህ ጋር ግድግዳ ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ መጥፎውን ቀን ብቻ በ«✕» ምልክት አድርጉ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ✕ ያለባቸው ቀናት ከሌሎቹ ከበለጡ መልሱ ወረቀቱ ላይ አለ።

እስከዚያ ድረስ። ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ ፓራሲታሞል ከቤት አውጥታችሁ አትስጡ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጨጓራ ያደማሉ፣ ኩላሊቱንም ይጨርሱታል። ለውሻ የሚታዘዘው ሜሎክሲካም እንኳ ኩላሊቱ ለተጎዳ ውሻ አይሆንም፤ ስለዚህ የሕመም ማስታገሻ ሐኪሙ ራሱ ይምረጥ። ውሃ አትከልክሉት። «ሽንት አበዛ» ብሎ ሌሊት ውሃ ማንሳት በአንድ ቀን ሊጥለው ይችላል። የወጥ ትራፊ ይቅርበት፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰባብራል፣ ጨውም አይበጀውም። ሩዝ በትንሽ ሥጋ፣ ያለ ጨው፣ ለብ አድርጋችሁ፤ ሙቀቱ ሽታውን ስለሚያወጣው ምግብ የሰለቸው ውሻ እንኳ ይቀምሰዋል። መነሳት ካቃተው በየ4 ሰዓቱ ጎኑን አገላብጡት፣ ከዳሌውና ከትከሻው ሥር ስፖንጅ አድርጉ። ጭራው አካባቢ ያለውን ፀጉር በመቀስ አሳጥሩ። ሽንት ባረጠበው ፀጉር ላይ ዝንብ እንቁላል ከጣለ በአንድ ቀን ውስጥ ትል ይፈለፈላል፣ ይህ በክረምት ደጅ የሚያድር ውሻ ላይ ብዙ ጊዜ የሚደርስ ነው።

አሁን ወደ መርፌው። ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ጡንቻው ላይ ማደንዘዣ ይወጋል፤ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ውስጥ ይደነዝዛል። ደሙ በደንብ የማይዞር ውሻ ላይ ይዘገያልና ሐኪሙን አታጣድፉት። ዛይላዚን ከሆነ ሊያስመልሰው ስለሚችል በዚያ ጠዋት ሆዱን የሚሞላ ምግብ አይብላ፤ የሚወዳትን አንዲት ቁራሽ ሥጋ ከእጃችሁ መቅመሱ ግን ምንም አይደለም። ሁለተኛው በፊት እግሩ ደም ስር የሚሰጠው ነው። ፔንቶባርቢታል ከተገኘ ራሱ አንጎሉን አደንዝዞ፣ ትንፋሹንና ልቡን በደቂቃዎች ውስጥ ያቆማል። ካልተገኘ ሐኪሞች በሌላ ማደንዘዣ ጥልቅ እንቅልፍ ውስጥ ካስገቡት በኋላ ልብ የሚያቆም መድኃኒት፣ ለምሳሌ ፖታሲየም ክሎራይድ ይሰጣሉ። እዚህ ላይ አትፈሩ፣ አስቀድማችሁ ጠይቁ፦ «የምትጠቀመው ምንድን ነው? ከዚያ በፊት ሙሉ በሙሉ መደንዘዙን እንዴት ታረጋግጣለህ?» ፖታሲየም ለነቃ እንስሳ ከባድ ስቃይ ነው። ትክክለኛው መልስ በጣቶቹ መሃል ሲቆነጠጥ እግሩን አለመሳቡና የዓይኑ ጥግ ሲነካ አለመጨፈኑ ነው።

የሚያጋጥመው እንቅፋት ብዙውን ጊዜ ደም ስሩ ነው። ውሃው ያለቀበት ያረጀ ውሻ ደም ስሩ ይሟሽሻል። ፀጉሩ ይላጫል፣ እግሩ በሞቀ ፎጣ ለጥቂት ደቂቃ ይያዛል፣ እምቢ ካለ ወደ ኋላ እግር ይሄዳል። ዓይኑ እንደማይከደን፣ ከሞተ በኋላ አንድ ሁለት ጊዜ ትንፋሽ የሚመስል ሊወጣው እንደሚችል፣ ጡንቻው እንደሚንቀጠቀጥ፣ ሽንትና ሰገራ እንደሚለቀው ለሁሉም ቀድማችሁ ንገሩ። ይህን ያልሰማ ሰው «አልሞተም፣ እየተሰቃየ ነው» ብሎ ዕድሜ ልኩን ይጸጸታል። ሐኪሙ ልቡን በማዳመጫ እስከ 5 ደቂቃ ሰምቶ ካረጋገጠ በኋላ ብቻ ተነሡ።

ሐኪሙ ቤት ይምጣ። መኪና ለምዶ የማያውቅ ውሻን በመጨረሻ ቀኑ ታክሲ ውስጥ ማንገላታት ይቅር። ሰዓቱም ጠዋት ይሁን፤ በክረምት ዝናቡ ብዙ ጊዜ የሚበረታው ከቀትር በኋላ ነው፣ መቃብሩ በብርሃንና በደረቅ ሰዓት ማለቅ አለበት።

ዶማና አካፋ

ስለ መቃብሩ እኔ ልመልስ። ዋልካ በክረምት ውሃ ይቋጥራል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ሁለቱም ችግር አለባቸው።

ጉድጓዱን ቀኑ ሳይደርስ፣ ቢያንስ በዋዜማው ቆፍሩት። ከግቢው ከፍ ያለውን ቦታ ምረጡ፤ ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፣ የውሃ ቧንቧና የፍሳሽ መስመር የሚያልፍበት አይሁን። ለ22 ኪሎ ውሻ ርዝመቱ 1 ሜትር፣ ስፋቱ 70 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 1.2 ሜትር ይበቃል። ቆፍራችሁ ስትጨርሱ አንድ ሰዓት ጠብቁ። ከሥሩ ውሃ ካመነጨ ቦታ ቀይሩ፤ ውሃ ውስጥ የተቀበረ ሬሳ ቶሎ አይበሰብስም፣ ሽታውም ይወጣል። ደረቅ ከሆነ በቆርቆሮ ክደኑትና ዳር ዳሩን በአፈር ከትሩ፣ ሌሊት ዝናብ እንዳይሞላው። ልጅ ያለበት ቤት ስለሆነ ቆርቆሮው ላይ ድንጋይ ጫኑበት።

መጠቅለያው ጥጥ ወይም ቃጫ ይሁን፦ አቡጀዲ፣ አሮጌ አንሶላ ወይም የቃጫ ጆንያ። ፌስታል፣ ሸራና ማዳበሪያ አይሁን፤ አየርና ውሃ ዘግቶ ሬሳውን ለዓመታት ያቆየዋል። ሰውነቱ ሳይደርቅ፣ በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ፣ እግሮቹን ወደ ሆዱ አጥፋችሁ እንደሚተኛበት አኳኋን ክብ አድርጉት። ከዘገያችሁ እግሮቹ ይገተራሉ፣ ከዚያ በኋላ ማጠፍ በጉልበት ይሆናል፣ ለማየትም ይከብዳል። ሰውነቱ ሲቀዘቅዝ ቁንጫና መዥገር ለቅቀው ስለሚወጡ ወለል ላይ አታቆዩት።

ከሥሩ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ሰጋቱራ አንጥፉ፣ ፈሳሽ ይመጥጣል። ከላይ 40 ሳንቲ ሜትር አፈር፣ ከዚያ ጠፍጣፋ ድንጋይ ሳይራራቅ መደርደር፣ ከዚያ የቀረው አፈር። ጅብን የሚያቆመው ድንጋዩ ነው። ጋዝ ወይም በርበሬ የሚነሰንሱ አሉ፣ አንድ ዝናብ ያጥበዋል። ኖራም ሽታ ለመቀነስ ይረዳል እንጂ መበስበሱን አያፋጥንም፤ እንዲያውም ያዘገየዋል። እርጥብ ዋልካ ጓል ጓል ሆኖ ስለሚገባ መሃሉ ክፍት ይቀራል፣ ሽታ የሚወጣውም በዚያ ነው። ጓሉን በዶማ ሰባብሩ፣ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ በእግር ርገጡ። መጨረሻ ላይ ከመሬት 25 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ከምሩት፣ ይሰምጣል። ታኅሣሥና ጥር ላይ መሬቱ ሲሰነጠቅ ስንጥቁን በአሸዋ ሙሉት።

ጥልቀቱን ለምን እንደማጠብቀው ልናገር። በፔንቶባርቢታል የሞተ እንስሳ ሥጋ ውስጥ መድኃኒቱ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ጅብ፣ ሌላ ውሻ፣ ጥንብ አንሳ ቆፍሮ ወይም ተጥሎ አግኝቶ ከበላው እሱም ይሞታል። ወንዝ ዳር ወይም ገደል መጣል ለዚህ ነው ፈጽሞ የማይገባው። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ደግሞ ግቢ ያለውን ዘመድ ዛሬውኑ አስፈቅዱ፤ በሞተ ማግሥት ቦታ መለመን ከባድ ነው።

ጀሶና ሸክላ

ማስታወሻውን በሚመለከት፣ ጀሶ ውስጥ እግሩን በቀጥታ እንዳታስገቡ! ጀሶ ሲጠነክር ይግላል፣ ቆዳ ያቃጥላል፣ ፀጉርም ይዞ ይቀራል። ትክክለኛው መንገድ በሸክላ ጭቃ በኩል ነው። የተቦካ ሸክላ ድስት ክዳን ወይም ሳህን ላይ በ3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አስተካክሉ። የፊት እግሩን አጥባችሁ አድርቁ፣ በጣቶቹ መሃል ያለውን ፀጉር ከርክሙ፣ መዳፉን ትንሽ ዘይት ቀቡ። እግሩን በእጃችሁ ይዛችሁ ለ3 ሰከንድ ቀጥ አድርጋችሁ ተጫኑና ቀጥ አድርጋችሁ አንሡ፤ እያንሸራተታችሁ ካነሣችሁት የጥፍሩ ምልክት ይበላሻል። ከዚያ 2 ኩባያ ጀሶ በ1 ኩባያ ቀዝቃዛ ውሃ፤ ጀሶውን ወደ ውሃው ነው የምትነሰንሱት፣ ውሃውን ወደ ጀሶው ካፈሰሳችሁ ይጓጉላል። ቀስ ብላችሁ አማስሉ፣ በፍጥነት ከመታችሁት አረፋ ይይዛል። በአሻራው ላይ አፍስሱ፣ የሳህኑን ጎን መታ መታ አድርጉ። ከ30 ደቂቃ በኋላ ይጠነክራል፣ ሸክላውን ግን በማግሥቱ ላጡት። እግሩ ለሚያመው ውሻ ተኝቶ እያለ፣ ሸክላውን ወደ እግሩ አምጥታችሁ ሥሩት እንጂ አታስቆሙት።

ፀጉር ከአንገቱ ሥር ወይም ከጭራው ጫፍ ቁረጡ፤ ረዘም ያለው እዚያ ነው። ከመቁረጣችሁ በፊት ሥሩን በክር እሰሩ። በለብ ውሃ አጥባችሁ፣ በደንብ አድርቃችሁ በወረቀት ፖስታ አኑሩ፣ ፌስታል ውስጥ ይሻግታል።

ፎቶ ስታነሱ ቁጭ ብላችሁ በእሱ ዓይን ልክ አንሱ። ፀጉሩ ጥቁር ከሆነ ስልኩ ፊቱን ጥላ ያደርገዋል፤ ስክሪኑ ላይ ፊቱን ነክታችሁ ብርሃኑን ትንሽ ከፍ አድርጉ፣ ነጭ ግድግዳ ወይም ሰማይ ከኋላው አይሁን። ከሁሉም በላይ ድምፁን ቅዱ። ፎቶ ያለው ሰው ብዙ ነው፣ ከዓመት በኋላ ሰው ሁሉ የሚፈልገው ግን የቆርቆሮው በር ሲንኳኳ የሚጮኸውን ጩኸት፣ ሳህኑ ሲነካ ጭራው ወለሉን ሲመታ የሚሰማውን ድምፅ ነው። ቪዲዮውን በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፋይል ላኩት፤ ዝም ብላችሁ ከላካችሁት ጥራቱ ይቀንሳል። አንድ ስልክ ላይ ብቻም አታስቀሩት።

መምህርት ከቄራ

ለ6 ዓመቱ ልጅ «ተኛ» ወይም «ሄደ» አትበሉት። «ተኛ» ያላችሁት ልጅ ማታ መተኛት ይፈራል፣ «ሄደ» ያላችሁት በር ላይ ይጠብቃል። «ቡቺ ይሞታል። ሲሞት አይተነፍስም፣ አያመውም፣ አይራብም፣ ተመልሶም አይመጣም» በሉት። በዚህ ዕድሜ «እኔ ስለተቆጣሁት ነው?» የሚል ጥያቄ በልቡ ይይዛል፣ አይናገረውም፤ ስለዚህ ሳይጠይቅ «የአንተ ጥፋት አይደለም» በሉት። መርፌው ላይ መገኘቱን አትግፉት፣ ግን አቡጀዲውን እንዲያለብሰው፣ የመጀመሪያዋን እፍኝ አፈር እንዲያለብስ ፍቀዱለት። ለውሻ ፍትሐት የለም፣ ድንኳንም አይጣልም። በዚያ ቀን ቡና አፍልቶ፣ ቆሎ ይዞ ስለ እሱ መጫወትን ግን የሚከለክል የለም፣ ልጁም አዋቂ ሲያለቅስ ማየቱ አይጎዳውም።

ስለ እህታችሁ። የሰው መርዶ በማለዳ፣ ሰው ተልኮ፣ ቤት ድረስ ነው የሚነገረው። ለውሻ መርዶ የለምና ብዙ ቤተሰብ «ደህና ነው፣ ተኝቷል» እያለ ለወራት ይሸፋፍናል። አታድርጉት። ቀኑን ስትወስኑ እሷም ነጥብ ትስጥ፣ የቀን መቁጠሪያውን ፎቶ አንሥታችሁ ላኩላት። የጠዋቱ ሰዓት ለእሷ እኩለ ሌሊት ነውና መሰናበቻውን በዋዜማው አድርጉት፤ በዚህ ወቅት የኛ ማታ 2 ሰዓት በእነሱ አቆጣጠር ከቀኑ 1 ሰዓት ነው። የስልኩን ድምፅ ማጉያ ከጆሮው አንድ ክንድ ያህል አርቁት፣ እንዳይደነግጥ። ያረጀ ውሻ ስክሪን ላይ ያለ ፊት አይለይም ይሆናል፣ ድምፅና ሽታ ግን ይቀርበዋል። ትታው የሄደችው ጋቢ ካለ ሳይታጠብ ሥሩ አንጥፉለት።

ከፍራንክፈርት

ውጭ ለምትኖሩ አጭር ነገር። ጀርመን ውስጥ በራስ ግቢ መቅበር በአብዛኛው ይቻላል፣ ከላይ ቢያንስ 50 ሳንቲ ሜትር አፈር ይኑረው፤ የመጠጥ ውሃ ጥበቃ ክልል ውስጥ ግን ክልክል ነው፣ መናፈሻና ጫካም አይፈቀድም። የኪራይ ቤት ከሆነ አከራዩን ጠይቁ። የምታስቃጥሉ ከሆነ «ለብቻው ነው ወይስ ከሌሎች ጋር?» ብላችሁ በጽሑፍ አረጋግጡ፤ ከሌሎች ጋር ከሆነ አመዱ አይመለስም። 22 ኪሎ ውሻ 0.8 ሊትር ያህል አመድ ይወጣዋል፣ የ1 ሊትር ዕቃ ይበቃል።

የአቃቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ጉድጓዱን ላይኛው አጥር ጥግ ሞክረነዋል፣ ውሃ አላመነጨም። ሁለት ነገር ብቻ፦ የ3 ዓመት ሌላ ውሻ አለን፣ እሱን ምን እናድርገው? ደግሞ የቡቺ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ዓምና አልፎታል፤ ለቀብሩ የሚያሰጋ ነገር አለ?

ሐኪም ዘቢሾፍቱ

ትንሹ ውሻ ሬሳውን ቀርቦ ያሽትት፣ 5 ደቂቃ ይበቃል። ሳያይ የቀረ ውሻ ለቀናት ግቢውን ሲያስስ ይታያል። ለሁለት ሦስት ሳምንት ምግብ ሊቀንስ፣ ሌሊት ሊያላዝን ይችላል። የምግብ ሰዓቱን አትቀይሩ፣ አዲስ ቡችላም ወዲያው አታምጡበት። 2 ቀን ሙሉ ምንም ካልበላ ግን ሐዘን ብላችሁ አትተዉት፣ አሳዩት። የቡቺን ሳህን በሳሙናና በፈላ ውሃ ሳታጥቡ አትስጡት፤ ኩላሊት የሚጎዳው በሽታ አንዳንድ ጊዜ በሽንት የሚተላለፍ ነው።

ክትባቱን በሚመለከት፣ የገለጽሽው ሁሉ የእርጅናና የኩላሊት ነው። ነገር ግን ጠባዩ በድንገት ከተለወጠ፣ የታች መንጋጋው ከተንጠለጠለ፣ ለሃጩ ከተዝረበረበ፣ ውሃ መዋጥ ካቃተው «አጥንት ተሰንቅሮበት ነው» ብላችሁ እጃችሁን አፉ ውስጥ እንዳትሰዱ። ስህተቱ ሁልጊዜ እዚያ ላይ ነው። ዝጉበትና ሐኪም ጥሩ። የነከሰው ወይም ለሃጩ ቁስሉን የነካው ሰው ካለ ቁስሉን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥቦ የዚያኑ ቀን ጤና ተቋም ይሂድ። እንዲህ ያለ ውሻ ከሞተም ጭንቅላቱ ሳይመታ፣ ሳይቀበር ይቆይ፤ ምርመራው በአንጎል ነው፣ አዲስ አበባ ላይ ፓስተር በሚባለው በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይሠራል። ለማንኛውም ክትባቱ ስላለፈ ሐኪሙ ሲመጣ የተጠራቀመውን ሽንትና ምራቅ በጓንት ጥረጉ፣ ትንሹንም በዚያው ቀን አስከትቡት።

ሌላ አንድ ነገር። የአንገት ማሰሪያውን ለመፍታት እስኪሞት አትጠብቁ። ጠዋት ሐኪሙ ሳይመጣ ፍቱለትና ግቢው ውስጥ እንደፈለገ ይሁን፣ መራመድ ካቃተው ተሸክማችሁ ፀሐይ ያለበት ቦታ አውጡት።